ማስታወቂያ ላይ መሥራት ለሚፈልግ ጀማሪ፦ ከፎቶው እስከ ውሉ

አዲስ አበባ ውስጥ ለማስታወቂያ ሰው ሲፈለግ በቴሌግራም የሚዞረው መልእክት አብዛኛውን ጊዜ እንዲህ ዓይነት ነው፦ «ሴት፣ ከ28 እስከ 35 ዓመት፣ የልጅ እናት የምትመስል፣ ጥርሷ ጥሩ የሆነ፣ ሐሙስና ዓርብ ነፃ የሆነች»። ስለ ቁመት አልተነሳም፣ ስለ ቅጥነትም እንዲሁ። «ቆንጆ» የሚል ቃል ቢኖርበት እንኳ ዋናው «የምትመስል» የሚለው ነው። የሳሙና ድርጅት የሚፈልገው ተመልካቿ «ይቺ እኮ የኛ ሰፈር ልጅ ናት» የምትላትን ሴት ነው። በጣም የተዋበች ሴት ዘፍዝፋ ስታጥብ ማንም አያምናትም፤ ስለዚህ አትመረጥም። ብዙ ጀማሪ ይህን ሳያውቅ በፋሽን ሾው መመዘኛ ራሱን ይለካና ገና ሳይሞክር ይተወዋል፣ ወይም ደግሞ በማይሆነው በር ሲያንኳኳ ዓመት ይፈጃል።

በፋሽን መድረክ ላይ ለመራመድ ሴት ከ1.75 ሜትር፣ ወንድ ከ1.83 ሜትር በላይ ይጠበቅበታል፤ ልብሱ አስቀድሞ በአንድ ልክ የሚሰፋ ስለሆነ ነው። ማስታወቂያ ላይ ግን ልብሱ ይገዛላችኋል ወይም ከቤታችሁ ታመጣላችሁ፤ ስለዚህ 1.58 መሆን ችግር የለውም። ችግር የሚሆነው የተበላሸ ጥርስ፣ የተጎሳቆለ እጅና ካሜራ ሲዞርበት የሚደርቅ ፊት ነው። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ በጥርስ ሐኪምና በቅባት ይሻሻላሉ፤ ሦስተኛው ልምምድ ይጠይቃል።

ከሁሉ በፊት ምን እንደምትመስሉ እወቁ። ራሳችሁን አትጠይቁ፤ በደንብ የማያውቋችሁን አምስት ስድስት ሰዎች «ሥራዬ ምን ይመስልሃል? ዕድሜዬስ?» በሉ። መልሳቸው ከተቀራረበ ያ ነው የእናንተ ዓይነት፦ የባንክ ሠራተኛ፣ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ፣ አዲስ ሙሽራ፣ ባለሱቅ፣ የቤተሰብ አባወራ። ካስቲንግ (ለማስታወቂያው ሰው የሚመረጥበት ሙከራ) ላይ ከእውነተኛ ዕድሜያችሁ ይልቅ የሚፈለገው የምትመስሉት ዕድሜ ነው፤ ሰባት ስምንት ዓመት ያህል ስፋት ይኖረዋል፣ «ከ24 እስከ 31» ብላችሁ ጻፉት። በነገራችን ላይ ገበያው ላይ በጣም የሚቸግረው ወጣት አይደለም። ጋቢ ለብሰው የልጅ ልጅ የሚያቅፉ፣ ካሜራ የማይፈሩ፣ ሽበታቸው ያማረ አባትና እናት ማግኘት ለአዘጋጆች ራስ ምታት ነው። ጡረታ የወጡ ዘመድ ካላችሁ ንገሯቸው።

ሥራው የት እንዳለ ደግሞ ማወቅ ያስፈልጋል። ቀድሞ የቢራ ማስታወቂያ ትልቅ ድርሻ ነበረው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በሬዲዮና በቴሌቪዥን እንዳይተዋወቅ ከከለከለ ወዲህ ግን ያ በር ተዘግቷል። አሁን ባንክ፣ ቴሌኮም፣ የምግብ ዘይት፣ ፓስታና ማካሮኒ፣ ዳይፐር፣ ሳሙናና ዲተርጀንት፣ የታሸገ ውኃ፣ ሪል ስቴት ይቀድማሉ። ከነዚህ ጎን ድምፁን አጥፍቶ የሚሠራ ትልቅ ገበያ አለ፦ የሐበሻ ልብስ። የሽሮ ሜዳ ሱቆችና ዲዛይነሮች በየጊዜው አዲስ ፎቶ ለቴሌግራምና ለቲክቶክ ገጻቸው ይፈልጋሉ። ክፍያው ከቴሌቪዥን ማስታወቂያ ያንሳል፣ ግን ጀማሪ ቶሎ የሚገባበትና ካሜራ የሚለምድበት እሱ ነው።

ወቅትም አለው። የእንቁጣጣሽ ማስታወቂያ የሚቀረጸው በሐምሌና በነሐሴ ነው፤ አደይ አበባ ገና ስላልፈነዳ በዝናብ መሐል የፕላስቲክ አበባ ይዛችሁ «ፀሐይ ወጣች» ብላችሁ ትስቃላችሁ። የሐበሻ ልብስ ፎቶ ከጥር ሠርግ በፊትና ከፋሲካ በኋላ ካለው የሠርግ ወቅት ቀደም ብሎ ይበዛል። ስለዚህ ፎቷችሁን በሰኔ መጨረሻና በጥቅምት አድሳችሁ ብትልኩ ከሚፈልጓችሁ ጊዜ ጋር ይገጥማል።

ፎቶው ላይ እንቆይ፣ ምክንያቱም ጀማሪ ገንዘቡን በከንቱ የሚያፈሰው እዚህ ነው። ስቱዲዮ ገብቶ፣ ሙሉ ሜካፕ ተቀብቶ፣ የራሱ ያልሆነ ልብስ ለብሶ ሃያ ፎቶ መነሣት ለመጀመሪያ ማመልከቻ አያስፈልግም፤ እንዲያውም ይጎዳል። የሚመርጠው ሰው ማየት የሚፈልገው ነገ ጠዋት በሩን ከፍታችሁ ስትገቡ የምትመስሉትን ነው። በስልክ የተነሣ ንጹሕ ፎቶ ይበቃል፣ በትክክል ከተነሣ።

ብርሃኑ የጥላ ብርሃን ይሁን። የአዲስ አበባ ፀሐይ እኩለ ቀን ላይ ከአናት ወርዶ ዓይን ሥር ጥቁር ጉድጓድ ይቆፍራል። ከጠዋቱ 2 ሰዓት እስከ 3 ሰዓት ተኩል፣ ቤት ወይም አጥር ጥላ የጣለበት ቦታ ላይ፣ ፊታችሁን ወደ ክፍቱ ሰማይ አዙራችሁ ቁሙ። ግድግዳው ግራጫ ወይም ክሬም ቢሆን ይመረጣል። አረንጓዴ ወይም ሰማያዊ የተቀባ የግቢ ግድግዳ ቀለሙን ቆዳችሁ ላይ ይረጫል። በጣም ነጭ ከሆነ ደግሞ ስልኩ ግድግዳውን ለማመጣጠን ብሎ ፊታችሁን ያጠቁረዋል፤ እንዲህ ሲሆን ስክሪኑ ላይ ፊታችሁን ነክታችሁ ብርሃኑን በትንሹ ከፍ አድርጉ። ብዙ ስልክ ላይ ቢዩቲ ሞዱ በርቶ ስለሚጠብቅ አጥፉት። ቆዳን እንደ ላስቲክ የሚያለሰልስ ፎቶ ቆዳችሁን እንደደበቃችሁ ነው የሚቆጠረው።

ርቀቱ ከካሜራው ዋጋ ይበልጣል። የስልክ ዋና ሌንስ ሰፊ ስለሆነ አንድ ክንድ ላይ ሆኖ ሲያነሣ አፍንጫ ይገዝፋል፣ ጆሮ ይሸሻል። አንሺው ሰው ሁለት ሦስት ሜትር ይራቅና በስልኩ ዙም 2 እጥፍ ያቅርብ። የፊት ፎቶ ሲሆን ስልኩ በዓይናችሁ ቁመት፣ ሙሉ ቁመት ሲሆን በእምብርታችሁ ቁመት ላይ ይሁን። ከላይ ወደ ታች ያነሣ እንደሆነ እግር ያጥራል። ሰልፊ አትላኩ።

ልብስ፦ ገላ የሚይዝ ጽሑፍ የሌለው ቲሸርት፣ ቀጥ ያለ ጂንስ። ፀጉር አንድ ጊዜ ተለቆ፣ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ ተይዞ። የሚያስፈልጉት ስድስት ናቸው፦ ፊት ጥርስ ታይቶ እየሳቁ፣ ፊት ሳይስቁ፣ ጎን፣ ሙሉ ቁመት ከፊት፣ ሙሉ ቁመት በሰያፍ፣ እንዲሁም የሁለቱ እጆች መዳፍና ጀርባ። የእጁን ፎቶ ብዙ ሰው ይተወዋል፤ ስልክ የሚነካ፣ ብር የሚቆጥር፣ ስኒ የሚያነሣ እጅ ብቻውን የሚቀረጽበት ማስታወቂያ ስንት እንደሆነ ለአንድ ምሽት ቴሌቪዥን ፊት ተቀምጣችሁ ቁጠሩ። ከስድስቱ ሌላ የ30 ሰከንድ ቪዲዮ ጨምሩ፤ ስልኩን አግድም ይዛችሁ ስማችሁን፣ የምትኖሩበትን ክፍለ ከተማ፣ የምትናገሯቸውን ቋንቋዎች ተናገሩ። ኦሮምኛ፣ ትግርኛ ወይም ሶማሊኛ በደንብ የምትችሉ በራሱ በቋንቋው አንድ ዓረፍተ ነገር በሉ። ማስታወቂያዎች በብዙ ቋንቋ ስለሚሠሩ ይህ ከቁመት የበለጠ ያስመርጣል።

ልኩን በሜትር ለኩ፣ በግምት አትጻፉ፦ ቁመት ያለ ጫማ፣ ደረት፣ ወገብ፣ ዳሌ፣ የጫማ ቁጥር። ቁመት ላይ አምስት ሴንቲ ሜትር የጨመረ ሰው ቀረጻ ቀን ጠዋት በተገዛለት ሱሪ ውስጥ ሲሰምጥ ስታይሊስቷ (ልብሱን የምታዘጋጀው) አትረሳውም። ስትልኩ ደግሞ በቴሌግራም እንደ ፎቶ ሳይሆን እንደ ፋይል ይሁን፤ እንደ ፎቶ ከላካችሁት ጥራቱ ይቀንሳል። የፋይሉ ስም ላይ ስማችሁን፣ ቁመታችሁንና ስልካችሁን ጻፉ፣ ምክንያቱም ፎቷችሁ ከአንዱ ኮምፒውተር ወደ ሌላው ሲዞር አብሮ የሚዞረው የፋይሉ ስም ብቻ ነው።

ወደ ካስቲንግ ስትጠሩ በር ላይ ተቀምጦ መጠበቅ አለ፣ ከዚያ ሁሉም ነገር በሦስት ደቂቃ ያልቃል። ካሜራው ፊት ስምና ዕድሜ ትናገራላችሁ፣ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ትዞራላችሁ፣ እጃችሁን ታሳያላችሁ። ከዚያ «ስልክሽ ላይ ደመወዝሽ ገብቷል የሚል መልእክት መጣልሽ» ይባላል። ጀማሪው እዚህ ላይ ይዘላል፣ ይጮኻል፣ ሁለት እጁን ያነሣል። ዳይሬክተሩ የሚፈልገው ግን ሰው ሲያነብ የሚያልፍበትን ቅደም ተከተል ነው፦ መጀመሪያ ዓይን ይወርዳል፣ ያነባል፣ ለአንድ ሰከንድ ይቆማል፣ ከዚያ ፈገግታው ከዓይን ይጀምርና ወደ አፍ ይደርሳል። ይህን ቤታችሁ በስልክ እየቀረጻችሁ ተለማመዱ፤ ቡና ስትቀምሱ፣ በር ሲንኳኳ፣ ልጅ ሲጠራችሁ። «ሌንሱን እይ» ካልተባላችሁ ሌንሱን አትዩ። ዳይሬክተሩ «አሁን ቀንሰው» ሲል የቀነሰ ሰው ይመረጣል፤ የመጀመሪያው ሙከራ ጥሩ ሆኖ ሁለተኛውም ያው የሆነ ሰው ግን «ትእዛዝ አይቀበልም» ተብሎ ይቀራል።

ካስቲንጉ ላይ ሳታፍሩ የምትናገሩት ነገር አለ። የፋሲካ ማስታወቂያ የሚቀረጸው በሁዳዴ ነው። ዶሮ ወጥ ጎርሳችሁ፣ አይብ ቀምሳችሁ፣ ያንኑ አሥራ አምስት ጊዜ ትደግሙታላችሁ። ከእያንዳንዱ ቀረጻ በኋላ የሚተፋበት ባልዲ ይቀርባል፣ ለሚጾም ሰው ግን መትፋት መፍትሔ አይሆንም። በረመዳን በቀን ውኃ እየጠጡ መቀረጽም እንደዚሁ ነው። «እጾማለሁ፣ ይህን አልበላም» የሚለው ቃል ካስቲንግ ላይ ሲነገር ምናልባት አንድ ሥራ ያሳጣ ይሆናል፤ ቀረጻው ላይ ሲነገር ሠላሳ ሰው ያስቆማል። አለርጂም ካላችሁ እንዲሁ።

ካስቲንጉ ካለፈ በኋላ «ቀኑን ያዙልን» የሚል ስልክ ይመጣል። ይህ ተመርጣችኋል ማለት አይደለም፤ ደንበኛው (ማስታወቂያውን የሚያሠራው ድርጅት) ሁለት ሦስት ሰው አስይዞ ነው የሚወስነው። «ተረጋግጧል ወይስ ተጠባባቂ ነኝ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መጠየቅ ነውር አይደለም። ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ቀረጻው ፀጉር አትቆረጡ፣ ሹሩባ አትሠሩ፣ ጢም አትላጩ። ደንበኛው ያጸደቀው ፎቶው ላይ ያለውን ሰው ነው።

የቀረጻ ቀን ጥሪው ከጠዋቱ 12 ሰዓት ሊሆን ይችላል። ቦርሳችሁ ውስጥ የቆዳ ቀለም ያለው የውስጥ ልብስ፣ ጥቁር ጫማ፣ ሦስት አማራጭ ልብስ በካውያ ተተኩሶ፣ የራሳችሁ ፋውንዴሽን፣ ቅባት፣ መክሰስ ይኑር። ቀጫጭን መስመር ያለው ሸሚዝ ካሜራ ላይ ይርገበገባል፤ አረንጓዴ መጋረጃ ፊት አረንጓዴ የለበሰ ሰው አካሉ ይጠፋል፤ የሌላ ድርጅት ምልክት ያለበት ልብስ ደግሞ ጨርሶ አይሆንም። ጥፍር አጭርና ቀለም አልባ ይሁን።

ዕቃ አያያዝ ራሱን የቻለ ሙያ ነው። ጠርሙሱን ከታችኛው ሲሶው ያዙ፣ ጣታችሁ ስሙን እንዳይሸፍን፣ ስሙ ወደ እናንተ ሳይሆን ወደ ሌንሱ ይዙር። አጥብቃችሁ ከያዛችሁ የጣታችሁ መገጣጠሚያ ይነጣና እጁ የተጨነቀ ይመስላል። መሬት ላይ በፕላስተር የተለጠፈ ምልክት ይኖራል፤ ቁልቁል ሳታዩ እሱ ላይ መቆም ልመዱ፣ ከእሱ ካለፋችሁ ፎከሱ ይጠፋል። በየትኛው ቃል ላይ ስኒውን እንዳነሣችሁና በየትኛው እጅ እንደሆነ አስታውሱ፤ በሌላ እጅ ብትደግሙት ሁለቱ ቀረጻዎች አይገጣጠሙም። በቀረጻዎች መካከል ፊታችሁን አሳርፉ። አራት ሰዓት ሙሉ የሳቀ ጉንጭ መንቀጥቀጥ ይጀምራል፣ እሱም ይታያል።

የሐበሻ ልብስ ከሆነ ነጠላው ላይ ተጠንቀቁ። ጥለቱ ወደ ላይ ወደ ፊት ከዞረ የሐዘን አጣጣል ነው፤ የሠርግ ልብስ ማስታወቂያ ላይ እንዲህ የጣለች ሞዴል ብትታይ አስተያየቱ ገጹን ያጥለቀልቀዋል። ስታይሊስቷ ወጣት ከሆነች ላታውቀው ትችላለች፣ ስለዚህ እናንተ እወቁት።

አሁን ወደ ገንዘቡ። ጀማሪ «በቀን ስንት?» ብቻ ይጠይቃል። የቀኑ ክፍያ የጉልበታችሁ ነው፤ ፊታችሁ የሚታይበት ጊዜና ቦታ ሌላ ዋጋ አለው። ውሉ ላይ አራት ነገር ፈልጉ፦ የት ይታያል (ቴሌቪዥን፣ ቢልቦርድ፣ ማኅበራዊ ሚዲያ፣ የዕቃው ማሸጊያ)፣ ለስንት ጊዜ (6 ወር? 1 ዓመት?)፣ በየት አገር፣ እና ከየትኛው ተፎካካሪ ጋር እንዳትሠሩ ያግዳል። ማሸጊያ ላይ መውጣት ከሁሉ መወደድ አለበት፤ የዳይፐር ካርቶን ላይ የወጣ ፊት አገር ሙሉ ሱቅ ውስጥ ለዓመታት ይቀመጣል። «ለማንኛውም ዓላማ፣ ላልተወሰነ ጊዜ» የሚል ሐረግ ስታዩ ብዕራችሁን አስቀምጡና «1 ዓመት ይሁን፣ ከዚያ በስምምነት ይታደስ» በሉ። ሁሌ አይሳካም። ግን ያልጠየቀ ጨርሶ አያገኝም።

እገዳውን አቅልላችሁ አትዩት። የአንድ ባንክ ፊት ከሆናችሁ ሌላ ባንክ አይነካችሁም፤ በአገሪቱ ደግሞ ከ30 በላይ ባንኮች አሉ። ቴሌኮም ላይ ኢትዮ ቴሌኮምና ሳፋሪኮም ብቻ ስለሆኑ ለአንዱ መሥራት ሌላውን መዝጋት ነው። ለሁለት ዓመት ተፎካካሪ እንዳትሠሩ የሚያግድ ውል ለአንድ ቀን ክፍያ ከተፈረመ የሁለት ዓመቱ እገዳ በነፃ ተሰጠ ማለት ነው።

ሕጉ ከእናንተ ጋር ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 27 የማንም ሰው ፎቶግራፍ ወይም ምስል ያለ ፈቃዱ በአደባባይ እንዳይታይ፣ እንዳይባዛ፣ እንዳይሸጥ ይደነግጋል። አንቀጽ 29 ደግሞ መታየቱ እንዲቆም የመጠየቅ መብት ይሰጣል፤ ፍርድ ቤትም አድራጊው ካገኘው ጥቅም አንጻር ካሳ ሊወስን ይችላል። ስለዚህ የፈረማችሁት ወረቀት ፈቃዳችሁ የተለካበት ነው፤ ሳታነቡ አትፈርሙ፣ አንድ ቅጂ ሳትይዙ አትውጡ፣ ባዶ ቦታ ያለው ወረቀት ላይ አትፈርሙ። አሁን አንድ መስመር መጨመርም ያስፈልጋል፦ «ምስሌና ድምፄ ያለ ተጨማሪ የጽሑፍ ስምምነት በአርቴፊሻል ኢንተለጀንስ አዲስ ምስል ወይም ቪዲዮ ለመሥራት አይውልም»።

ክፍያው ብዙ ጊዜ ይዘገያል። ኤጀንሲው (እናንተን ከደንበኛው የሚያገናኘው ድርጅት) ከደንበኛው ሳይቀበል አይከፍልም፣ ደንበኛውም አይቸኩልም። ቀብድ ጠይቁ፣ የቀረውም የሚከፈልበት ቀን በውሉ ላይ ይጻፍ። የግብር ከፋይ መለያ ቁጥር (ቲን) አስቀድማችሁ አውጡ፤ ቲን የሌለው ሰው ለድርጅት አገልግሎት ሰጥቶ ሲከፈለው 30 በመቶ ይቆረጥበታል። «ለፖርትፎሊዮህ (ለሥራ ናሙናህ) ነው» ተብሎ ያለ ክፍያ መሥራት የሚያዋጣው ፎቶግራፍ አንሺውም ለራሱ ሲለማመድ ነው። ፎቶው ላይ የሚሸጥ ልብስ ካለ ግን ሥራ ነውና ይከፈል፣ ቢያንስ ልብሱ ይሰጣችሁ።

አጭበርባሪውን ለመለየት ገንዘቡ ወደየት እንደሚሄድ እዩ። እውነተኛ ኤጀንሲ ከምትሠሩት ላይ ይቆርጣል። «መመዝገቢያ»፣ «የካርድ»፣ «የግዴታ ሥልጠና» ብሎ አስቀድሞ የሚጠይቅ ከእናንተ ነው የሚኖረው። በኒው ዮርክ እ.ኤ.አ. ከሰኔ 2025 ጀምሮ የሚሠራው የፋሽን ሠራተኞች ሕግ ይህን ጉዳይ በግልጽ አስቀምጦታል፦ ኤጀንሲ ከሞዴል ቅድሚያ ገንዘብ አይቀበልም፣ ኮሚሽኑ ከ20 በመቶ አይበልጥም፣ ለዲጂታል ቅጂም (በኮምፒውተር ለሚሠራ የሞዴሉ አምሳያ) የተለየ የጽሑፍ ፈቃድ ይጠይቃል። እኛ አገር እንዲህ ተዘርዝሮ ባይጻፍም እንደ መለኪያ መያዝ ይቻላል። ካስቲንግ በሆቴል መኝታ ክፍል ከተባለ አትሂዱ። «ዱባይ የሞዴል ሥራ አለ፣ ፓስፖርትሽን ስጪን» ለሚል የድርጅቱን ስም፣ የቪዛውን ዓይነትና የተፈረመ ውል ሳታዩ ፓስፖርት አትስጡ። ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ ያለ ወላጅ ወይም አሳዳጊ ወደ ቀረጻ አይሂድ፣ ውሉንም እነሱ ይፈርሙ።

አሜሪካ ያላችሁ ደግሞ ሁለት ነገር ልብ በሉ። በተማሪ ቪዛ ያለ ሰው፣ ወይም ጥገኝነት ጠይቆ የሥራ ፈቃዱ ገና ያልደረሰው፣ ተከፋይ ማስታወቂያ መሥራት የመኖሪያ ጉዳዩን ሊያበላሽበት ይችላል። ሌላው ሜካፕ ነው፤ ለቆዳችሁ የሚሆን ቀለምና ፀጉራችሁን የሚያውቅ ሰው ሁሉም ቀረጻ ላይ አይገኝም፣ ስለዚህ ቀለማችሁን ይዛችሁ፣ ፀጉራችሁን ራሳችሁ አዘጋጅታችሁ ሂዱ።

ሥራው ካለቀ በኋላ የተጠናቀቀውን ቪዲዮ ጠይቃችሁ አስቀምጡ፤ ቀጣዩን ካስቲንግ የሚያስገኘው እሱ ነው። የፈቃዱ ጊዜ የሚያልቅበትን ቀን ስልካችሁ ላይ ማስታወሻ አድርጉ። ያ ቀን ካለፈ በኋላ ቢልቦርዱ ካልወረደ ቀንና ቦታ እንዲታወቅ አድርጋችሁ ፎቶ አንሡት፣ ከውሉ ቅጂ ጋር ለኤጀንሲው በጽሑፍ ላኩ፣ የማደሻ ክፍያውን መጠንም እዚያው ጻፉ።